መቀባት፣ ማጠጣት፣ ማውዛት፦ የእንጨት ዕቃ ቀለም ቃላት ታሪክ ከቦንጋ ሥራ ቤት ተነሥቶ

1. የጥያቄው መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ቋንቋውን እንዳርም ተልኮልኝ ነበር። ተርጓሚው ትጉህ እንደ ነበረ ከሥራው ይታያል፤ ይሁን እንጂ ስለ ወንበርና ስለ ጠረጴዛ ማጠናቀቂያ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ «እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱ በኋላ እድፉን በጨርቅ ይቀቡት» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። የእንግሊዝኛው ቃል «ስቴይን» ነው። ይህ ቃል በአንድ ወገን ልብስ ላይ የሚቀረውን እድፍ፣ በሌላ ወገን ደግሞ እንጨት ውስጥ ገብቶ መልኩን የሚለውጠውን ቀለም ያመለክታል። ተርጓሚው ከሁለቱ ፍችዎች ለዕለት ንግግር የቀረበውን አንሥቷል።

እኔም ብዙ ሳላስብ «እድፍ» የሚለውን ሰርዤ «ቀለም» ብዬ ጻፍሁ። ስሕተቱም የታረመ መሰለኝ። ሁለት ገጽ አለፍ ብዬ ስሄድ ግን «ስቴይን» ከቀለም በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ አንቀጽ ገጠመኝ፤ በእኔ እርማት መሠረት አንቀጹ «ቀለም ከቀለም የሚለየው እንጨቱን ስለማይሸፍን ነው» የሚል ሆኖ ነበር። የተርጓሚው ስሕተት ቢያንስ አንባቢን ያስቃል፤ የእኔ ግን ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል ነበረ። ልዩነትን የሚያጠፋ ስያሜ ከተሳሳተ ስያሜ ይልቅ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የተሳሳተውን ሠራተኛው ራሱ ያርመዋል፤ ልዩነቱ የጠፋበትን ግን ከጽሑፉ መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እጅ ለሠራው የእንጨት ዕቃ ቀለም የመምረጥንና የመስጠትን ተግባር የሚመለከቱት የአማርኛ ቃላት ከየት እንደ መጡና በምን ቅደም ተከተል እንደ ተደራረቡ ማሳየት፣ ከዚያም በመነሣት ለተርጓሚዎች የሚያገለግሉ ጥቂት ስያሜዎችን ማቅረብ ነው። ማስረጃው በከፊል ከቃላቱ ታሪክ፣ በከፊልም በቦንጋ ከተማ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀምጬ ካዳመጥሁት ንግግር የተገኘ ነው።

2. ቦንጋ ለምን ተመረጠ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል አልፎ በሚሄደው መንገድ፣ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ከተማ ነው። አካባቢው እስከ 1889 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር ነበር፤ የመጨረሻው ታቶ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ሲዘምት በዚያው ጊዜ ተማርከዋል። ከዚያ በኋላ አማርኛ ከአስተዳደር፣ ከግብርና ከዳኝነት ጋር ወደ አገሩ ዘለቀ። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ወደ ካፋ ሄዶ ስለ ሕዝቡ ኑሮ፣ ልማድና ቋንቋ የሰበሰበውን በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ አሳትሟል።

የአገሩን ስም አጻጻፍ በሚመለከት አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በቀድሞ ጽሑፎች «ከፋ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው ዛሬ «ካፋ» እየተባለ መጻፉ ለነዋሪዎቹ አነጋገር የቀረበ ከመሆኑም በላይ «ከፋ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ ጋር መምታታትን ያስቀራል። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ግን የታሪክ ስም ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ጅማ ስለ ነበረች፣ በእንጨት ሥራዋ የታወቀችው ጅማና በደኗ የታወቀችው ቦንጋ ለረጅም ዘመን በአንድ አስተዳደር ውስጥ ኖረዋል። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ክልል ስትገኝ፣ ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናት።

እንግዲህ በቦንጋ ሥራ ቤት ሦስት ቋንቋዎች ይሰማሉ። አናጺው ከቤተሰቡ ጋር በካፊኖኖ ያወራል፤ ከጅማ መጥቶ በርጩማ ከሚገዛው ነጋዴ ጋር ኦሮምኛ ይጠቅሳል፤ ውልና ደረሰኝ በአማርኛ ይጽፋል። «በርጩማ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ «ወንበር» ግን ከግእዙ «መንበር»፣ ማለትም መቀመጥን ከሚገልጸው «ነበረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በአንድ ሥራ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ሁለት የተለያዩ የቃል ታሪኮችን ይዘው ይገኛሉ። ለስያሜ አጥኚ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

3. የመጀመሪያው ንጣፍ፦ ቅባትና ጢስ

የፋብሪካ ቀለም ከመምጣቱ በፊት የእንጨት ዕቃ መልክ የሚያገኘው ከሁለት ነገሮች ነበር፤ ከስብና ከጢስ። ምድጃው ከቤቱ መካከል በሆነበትና ጢስ መውጫ ባልተሠራበት ጎጆ ውስጥ ማገሩም በርጩማውም በዓመታት ብዛት ይጠቁራል። በላዩ የሚረጋው ጥቁር ነገር «ጥቀርሻ» ወይም «ጥላሸት» ይባላል። ሆን ተብሎ የሚደረገው ማጨስ ደግሞ የራሱ ግሥ አለው፤ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ማጠን ግን ለሽታና ለንጽሕና እንጂ ለመልክ የሚደረግ አይደለም፤ መልኩ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ለስቡ ያለን ግሥ «ቀባ» ነው። መነሻው የግእዙ «ቀብአ» ሲሆን ትርጉሙ በዘይት ወይም በሽቱ መቀባት ነው፤ ንጉሥ የሚቀባው፣ ጽላት የሚቀባው በዚህ ግሥ ነው። በአማርኛም «ቀባ» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ራስ ላይ የሚደረግ ቅቤ ነበር። ከሰው ራስ ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ገበታና ወደ በርጩማ ተሸጋግሮ፣ በመጨረሻም ግድግዳን በቀለም እስከ መሸፈን ደርሷል።

በዚህ ሽግግር ውስጥ የተለወጠው የሚቀባው ነገር ብቻ አይደለም። ቅቤ አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ይወዛል፣ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መቀባት ግድ ነው። በጥንቱ አገባብ «ቀባ» ተደጋጋሚ እንክብካቤን የሚገልጽ ግሥ ነበር። የፋብሪካ ቀለም በአንጻሩ ከደረቀ በኋላ በላዩ የሚቀር ሽፋን ነው፤ ስለዚህ በዛሬው አገባብ «ቀባ» አንድ ጊዜ የሚፈጸምና የሚያበቃ ተግባርን ይገልጻል። ተመሳሳይ ግሥ ሁለት ተቃራኒ አሠራሮችን ሲሸከም የምናየው የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው።

በቅቤና በቀለም መካከል የሚገኙ ዘይቶችም አሉ። ተልባና ኑግ የሚሰጡት ዘይት አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ ጠባይ ለእንጨት ሥራ ጠቃሚ ቢሆንም አደጋ አለበት፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲጣል በሚፈጠረው ሙቀት ያለ እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። እንግዲህ የማስተማሪያ ጽሑፍ ስለሚደርቅ ዘይትና ስለማይደርቅ ዘይት ሲናገር ሁለቱንም «ቅባት» ብሎ ማለፍ የቃላት ድህነት ብቻ ሳይሆን የሥራ ቤት ቃጠሎም ሊያስከትል ይችላል።

4. ሁለተኛው ንጣፍ፦ ከብራና የወጣው ቀለም

«ቀለም» የሚለው ቃል ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። የግሪኩ «ካላሞስ» ሸምበቆ፣ ከሸምበቆ የሚቀረጽ ብርዕም ማለት ነው። የዐረብኛው «ቀለም» ዛሬም ብርዕ ነው። በግእዝ ግን ስሙ ከመጻፊያው ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ተሻገረ፤ ቀጥሎም ፈሳሹ ከሚሰጠው መልክ የተነሣ የመልክ ሁሉ ስም ሆነ። ጸሐፊዎች ጥቁሩን ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር፤ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ይጽፉ ነበር። ለእንጨት መልክ የሚሰጠው ጥላሸት ለብራናም ቀለም መሆኑን ልብ ይሏል።

ቃሉ ከመጽሐፍ ጋር ስለ ተቆራኘ የትምህርት ስምም ሆነ። «ቀለም ቆጠረ»፣ «የቀለም አባት»፣ «የቀለም ቀንድ» እንላለን። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ትምህርት ስለማይገባው ልጅ የሚነገረው «ቀለም አይዘልቀውም» የሚለው ነው። በዚህ አነጋገር ቀለም ላይ ላዩን የሚለጠፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነገር ነው። ይህም ማለት ቋንቋው በሰው ላይ ሲናገር የሚያውቀውን ልዩነት በእንጨት ላይ ሲናገር ረስቶታል ማለት ነው።

አማርኛ ወደ ቦንጋ የገባው በአስተዳደርና በጽሕፈት በኩል ስለ ነበረ፣ ቀለምም በዚያ አገር በመጀመሪያ የታወቀው በጸሐፊ እጅ ነበረ ብሎ ማሰብ የተገባ ነው። የቀለም ቆርቆሮ የመጣው ከቀለም ቀንዱ በኋላ ነው።

5. ሦስተኛው ንጣፍ፦ ከኢጣልያ ጋር የመጡ ቃላት

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጓት። መንገድ፣ ቤትና ወርክሾፕ ሲሠሩ ከዕቃው ጋር ስሙም ተከተለ። ሁሉም ቃል በእነዚያ 5 ዓመታት ገባ ማለት አይደለም፤ በአዲስ አበባ የኢጣልያ የእጅ ባለሙያዎች ከዚያ በፊትም በኋላም ሠርተዋል። ቢሆንም የአናጺው መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ የዚያን ጎረቤትነት ምልክት ይዟል። ቀዳዳ የሚደፈነው በ«ስቱኮ» ነው። ስስ ንጣፎችን በማጣበቅ የሚሠራው ሳንቃ «ኮምፔርሳቶ» ነው፤ በኢጣልያንኛ «ኮምፔንሳቶ» የነበረው «ን» በእኛ አፍ «ር» ሆኗል። የቀድሞ አናጺዎች በአልኮል እያሟሙ በጨርቅ ያሹት የነበረው ሙጫ «ጎማላካ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሙጫ ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህን ሙጫ በዛፍ ላይ የሚተፋውን የሕንድ ነፍሳት የሚያስታውስና እስከ ሳንስክሪት የሚደርስ ቃል ነው።

«ብርጭቆ ወረቀት» ከእነዚህ የተለየ መንገድ ሄዷል። በኢጣልያንኛም በእንግሊዝኛም የቆየው ስሙ የብርጭቆ ወረቀት ማለት ስለሆነ፣ ድምፁ ሳይሆን ፍችው ተተረጎመ። ዛሬ በወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚንየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊከን ካርባይድ እንጂ ብርጭቆ አይደለም፤ ስሙ ግን ጸንቷል። በጫካ አገር ይህን ተግባር የሚፈጽም የሾላ ዘመድም አለ፤ ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ በብዙ የአፍሪቃ አገሮች እንጨት ይለሰልስበታል።

ከሁሉ ይልቅ መልኩን ያላረጋው ቃል «ቨርኒሽ» ነው። ነጋዴው «ቫርኒሽ»፣ አናጺው «ቨርኒሽ»፣ ሌላው «ቬርኒሽ» ብሎ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው አናባቢ ከኢጣልያንኛው «ቬርኒቼ»፣ የመጨረሻው ተናባቢ ከእንግሊዝኛው «ቫርኒሽ» የተወረሰ ይመስላል። ሁለቱም ከመካከለኛው ዘመን ላቲን ሲወርዱ፣ ብዙ ሊቃውንት ሥሩን በሰሜን አፍሪቃ ከነበረችው ከቤሬኒኬ ከተማ ስም ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ቃሉ ከአፍሪቃ ወጥቶ በአውሮፓ ዞሮ ወደ አፍሪቃ የተመለሰ ነው ማለት ይቻላል። ለመዝገበ ቃላት ሥራ ግን አንድ አጻጻፍ መምረጥ ያስፈልጋል፤ እኔ በሥራ ቤት የሚሰማውን «ቨርኒሽ» እመርጣለሁ።

6. የቦንጋው አናጺ አነጋገር

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ቦንጋ የሄድሁት የመጽሐፍ ጥያቄዬን ለሥራ ሰው ለማቅረብ ነበር። ሥራ ቤቱ የአንድ ሽማግሌ አናጺና የልጃቸው ነው። ከላይ የጠቀስሁትን ዓረፍተ ነገር ሳነብላቸው ሽማግሌው ሣቁና «ዶክተር፣ እድፍማ ይታጠባል እንጂ ይቀባል እንዴ?» አሉኝ። «እንግዲያው እርስዎ ምን ይሉታል፣ ጋሼ?» ስላቸው አፋቸው ከመመለሱ በፊት እጃቸው ሥራ ጀመረ።

ሲሠሩ የተናገሩትን በቅደም ተከተሉ መዝግቤዋለሁ። ሳንቃውን በመላጊያ ላጉ፤ ከዚያ የእንጨቱን መስመር ተከትለው፣ ከሻካራው ጀምረው ወደ ልሙ በማለፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። በመስመሩ ላይ አግድም ከታሸ ጭረቱ ቀለም ሲነካው እንደሚጋለጥ አሳዩኝ። ዱቄቱን በጨርቅ ጠረጉ። ቀለሙን በዕቃው ላይ ከማዋላቸው በፊት ከዚያው ሳንቃ በተቆረጠ ትራፊ ላይ ሞከሩት፤ «ቆርቆሮው ላይ ያለው መልክ የቆርቆሮው ነው» አሉ። ቀጥለውም በጨርቅ አርሰው ሳንቃውን ሁሉ ዳሰሱና «አጠጣሁት» አሉ። ጥቂት ቆይተው የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ እያነሡ «ጠግቧል፤ ከዚህ በላይ ቢያድር ይዝጋል» አሉ። የሳንቃው ጫፍ፣ መጋዝ አቋርጦ የቈረጠው፣ ከጎኑ ይልቅ እንደሚጠጣና እንደሚጠቁር ስለሚያውቁ ጫፉን አስቀድመው በቀጠነ ቨርኒሽ አብርደውት ነበር። ጉጡ በአንጻሩ «አይጠጣም»። በማግስቱ ሲደርቅ ቨርኒሹን በስሱ ደጋግመው ሰጡት፤ በየመካከሉ በልሙ ወረቀት አሹት። ለዚህኛው ተግባር «ቀባሁት» አላሉም፤ «አወዛሁት» አሉ።

«ታዲያ መቀባት የሚሉት የትኛውን ነው?» አልኋቸው። በግቢው የቆመውን አረንጓዴ የብረት በር አሳዩኝ።

አማርኛ ለሽማግሌው ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። የቀድሞው የማስተማሪያ ጽሑፍ ተርጓሚም እኔም አፋችንን በአማርኛ የፈታን ነን። ይሁን እንጂ ሦስቱን ተግባሮች በሦስት ግሦች፣ ማለትም በማጠጣት፣ በመቀባትና በማውዛት ለይተው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሦስቱም ግሦች በየቤታችን ያሉ ናቸው፤ መሬት ውሃ ይጠጣል፣ ፊት ይወዛል። የጎደለው ቃል ሳይሆን ቃሉን ከሥራው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነበር።

7. ዋንዛ ዛፍና ዋንዛ መልክ

ቀለም መስጠት ከቀለም መምረጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ መልክ ስሞችም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛ ለመሬትና ለእንጨት መልክ ያለው ዋነኛ የዘመኑ ስም «ቡናማ» ነው። ስሙ የወጣው ከቀዩ የቡና ፍሬ ወይም ከአረንጓዴው ጥሬ ሳይሆን ከተቆላው ነው። ቡና በካፊኖኖ «ቡኖ» በሚባልበት አገር ቆሞ አንድን ሳንቃ «ቡናማ» ማለት ስያሜው ከቦታው እንደ በቀለ ሆኖ ይሰማል። ከዚህ ሌላ ለሰው ፊት «ጠይም»፣ ለፈረስ «ዳማ» የሚሉ፣ ደረጃን የሚለዩ የቆዩ ስሞች አሉን። የቀለም ሻጮች ግን ከእነዚህ ይልቅ «ማሆጋኒ»ና «ዋልነት» በሚሉ የባዕድ ዛፎች ስም ይገለገላሉ። ደንበኛው ሁለቱንም ዛፎች አይቶ አያውቅም።

በቦንጋ ሥራ ቤት የሰማሁት አንድ የመልክ ስም ግን በአገር ዛፍ የተሰየመ ነው። ልጅየው የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ሳንቃ እያሳየኝ «ዋንዛ እናደርገዋለን» አለኝ። ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ ለቤት ዕቃ ከሚፈለጉት ያገር እንጨቶች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ መልኩም በዘመን እየጠየመ ይሄዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሏል፤ ይህም አዋጅ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተተክቷል። የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የሕይወታዊ አካባቢ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ዛፉ ሲጠበቅ መልኩ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ የዛፍ ስም የነበረውም የመልክ ስም ሆኗል።

ይህ የፍች ለውጥ በራሱ ነቀፌታ የለበትም። ቡናም ብርቱካንም በዚሁ መንገድ የመልክ ስም ሆነዋል። ልዩነቱ «ቡናማ» የራሱ ቅጥያ ስላለው ከፍሬው አለመምታታቱ ነው፤ «ዋንዛ» ግን ዛፉንም መልኩንም በአንድ ቅርጽ ይጠራል። በውል ላይ «የዋንዛ ቁም ሣጥን» ተብሎ ሲጻፍ ሻጩ መልኩን፣ ገዢው እንጨቱን ሊያስብ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነትም ቀላል አይደለም። ሽማግሌው ይህን አውቀው በደረሰኛቸው ላይ «እንጨቱ ባሕር ዛፍ፣ መልኩ ዋንዛ» ብለው ይጽፋሉ። ይህች የደረሰኝ አጻጻፍ ሕግ አዋቂ የረቀቀ ውል ሲያዘጋጅ ሊከተላት የሚገባት ናት።

8. የሚቀርቡት ስያሜዎች

በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው አካዳሚና ተከታዮቹ ካዘጋጇቸው ሥራዎች፣ በተለይም ከሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሥራ የምንማረው ስያሜ ሲፈለግ በሕይወት ያለውን አማርኛ አስቀድሞ መመርመር፣ ቀጥሎ ወደ ግእዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻም ከባዕድ መዋስ እንደሚገባ ነው። ከዚህ በላይ በቀረበው ማስረጃ መሠረት የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

ሀ. «ስቴይን» ለሚባለው ተግባር ግሡ «ማጠጣት» ይሁን። ስሙን ግን ከዚሁ ግሥ ማውጣት አይገባም፤ በመርዛማ ማሟሟያ በተዘጋጀ ቆርቆሮ ላይ «የሚጠጣ ቀለም» ወይም «የማጠጫ ቀለም» ተብሎ ቢጻፍ የሚያስከትለው ግልጽ ነው። «ዘላቂ ቀለም» የሚለው ለአነጋገራችን የቀረበ ቢሆንም «ዘላቂ» ዛሬ ጽኑና ነዋሪ የሚል ፍች ስለ ያዘ ያሳስታል። ስለዚህ ውሃ ወደ መሬት መግባቱን ከሚገልጸው «ሰረገ» ወስጄ «ሰራጊ ቀለም» የሚለውን አቀርባለሁ። «እድፍ» ለልብስ እድፍ ብቻ ይቅር።

ለ. እንጨቱን ለሚሸፍነው «ቅብ ቀለም»፣ ለተግባሩም «መቀባት» ይጽና።

ሐ. መልክ ሳይለውጥ ለሚያንጸባርቀው የመጨረሻ ንጣፍ የወል ስሙ «ማውዣ»፣ ተግባሩ «ማውዛት» ይሁን፤ «ቨርኒሽ» እና «ጎማላካ» የማውዣ ዓይነቶች ሆነው ይቆዩ። «ወዝ» በስያሜ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ በአብዮቱ ዘመን የተስፋፋው «ወዛደር» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

መ. ከቀለሙ በፊት የሚሰጠውና እንጨቱን ለሥራ የሚያዘጋጀው ንጣፍ «ማሟሻ» ይባል። አዲስ ምጣድ በቅባት እህል እንደሚሟሽ እንጨትም ይሟሻል፤ እናቶቻችን ይህን ቃል ያለ መዝገበ ቃላት ያውቁታል።

ሠ. «ስቱኮ»፣ «ኮምፔርሳቶ» እና «ብርጭቆ ወረቀት» በሥራ ቤት የረጉ ስለሆኑ እንዳሉ ይወሰዱ። ምትክ መፈለግ ሠራተኛውን ከጽሑፉ ማራቅ ይሆናል።

ረ. የዛፍ ስም ለመልክ ሲያገለግል «መልክ» የሚለው ቃል አይለየው፤ «ዋንዛ መልክ» ይባል። ለሌሎቹ ደረጃዎች «ጠይም»፣ «ዳማ» እና «ቡናማ» የባዕድ ዛፎችን ስም ሊተኩ ይችላሉ።

9. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው በአንድ በርጩማ ላይ የአራት ዘመን ቃላት ተደራርበዋል። ከታች ቅባቱና ጢሱ፣ በላዩ ከብራና የመጣው ቀለም፣ በላዩ የኢጣልያ ቨርኒሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛፉ ሲጠበቅ የቀረው የዛፍ መልክ አለ። ችግሩ የመጣው «ቀለም» እና «ቀባ» የተባሉት ሁለት ጠንካራ ቃላት ሌሎቹን ሁሉ በጽሑፍ ላይ ስለ ሸፈኗቸው ነው። በንግግር ግን አልጠፉም። የሽማግሌው ልጅ በኮምፕረሰር የሚረጭ ቀለም መጠቀም ጀምሯል፤ በዚህ አሠራር ጨርቅም ማጥገብም የለም፤ ግሡም «መርጨት» ነው። ማጠጣትና ማውዛት ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፉ ከመቅረታቸው በፊት በመዝገበ ቃላት መግባታቸው የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በሌሎች ከተሞች ከሚገኙ ሥራ ቤቶች ተመሳሳይ ወይም ተቃራኒ አነጋገር የሰሙ አንባብያን ቢያሳውቁን ሥራው የተሟላ ይሆናል።

የማስተማሪያውን ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሳርመው ያ ዓረፍተ ነገር እንደሚከተለው ሆነ፦ «እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱ በኋላ ሰራጊውን ቀለም በጨርቅ ያጠጡት፤ የተረፈውን ይጥረጉ፤ ሲደርቅ ያውዙት።» ለሽማግሌው በስልክ አነበብሁላቸው። «ጫፉን አስቀድመው ያብርዱ የሚለው ቀርቷል» አሉኝ። ጨምሬዋለሁ።